የመሶቡን ሐረግ በደብተር

በደብረ ታቦር አካባቢ ብዙ እናቶቻችን አዲስ መሶብ ሲሰፉ፣ ሐረጉን ከአሮጌ መሶብ ያያሉ። አሮጌውን አይጥ ከበላው ሐረጉም አብሮ ይጠፋል። ባለሙያዋ ስትሞትማ የሚጠየቅ የለም።

አሁን መጻፍ ችለናል፤ ሐረጉን እንጻፈው። የሒሳብ ደብተር አንዱ ሳጥን አንድ ስፌት ይሁን። ለቀይ አለላ «ቀ»፣ ለአረንጓዴው «አ» እንጻፍ። ቀለም ያልተነከረው ስንደዶ ባዶ ሳጥን ይሁን።

ዙሩንም እንቁጠር። 12 ስፌት የሚወስድ ሐረግ፣ 120 ስፌት ባለው ዙር 10 ጊዜ ይገባል። ዙሩ 125 ከሆነ ግን 5 ይተርፋል፤ መጋጠሚያው ይበላሻል። ስንቱን መሶብ ፈትተናል በዚሁ!

በእርሳስ ይጻፍ፤ የብዕር ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ወረቀቱን ሙዳይ ውስጥ ከተን፣ ከምድጃው ጭስ ራቅ አድርገን እንስቀለው። ከላዩ ላይ የሐረጉን ስምና ያስተማረችንን እናት ስም እንጻፍ።