ዊንዶውስ ሲሻሻል የሚጠፋው ሰነድ፦ ኪሳራውና መከላከያው

የነጋዴው የዱቤ መዝገብ፣ የዕቃ ቆጠራው፣ የፕሮፎርማውና የውሉ ቅጂ የሚቀመጠው ከመደርደሪያ ይልቅ በኮምፒዩተር ውስጥ ከሆነ ቆይቷል። ይሁንና ለመጋዘኑ ዘበኛ፣ ለገንዘቡ ካዝና ያዘጋጀ ድርጅት ለዚህ ንብረቱ ብዙ ጊዜ ጠባቂ የለውም። ጉድለቱ የሚታወቀው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ወደ አዲስ እትም ከተሻሻለ በኋላ ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ ዴስክቶፑ ባዶ ሲገኝ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በማቋረጡ በርካታ ቢሮዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ተገደዋል። በመሆኑም ፋይል በማሻሻያ ወቅት እንዴት እንደሚጠፋ ማወቅ የቴክኒሻኖች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የ2018ቱ ስህተት

የታወቀው አብነት በኦክቶበር 2 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው የዊንዶውስ 10 እትም 1809 ነው። እትሙ በተለቀቀ በቀናት ውስጥ ተጠቃሚዎች ፋይሎቻችን ተሰረዙ የሚል አቤቱታ በማሰማታቸው ማይክሮሶፍት ስርጭቱን አገደ።

መንስኤው እንዲህ ነበር። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ሲ የተባለው የዲስክ ክፍል ሲሞላባቸው የዶክመንትስ ወይም የዴስክቶፕ ፎልደራቸውን ወደ ዲ ያዛውራሉ። አዲሱ ሰነድ ዲ ላይ ሲጠራቀም፣ ቀድሞ የነበረው ሳይዛወር ሲ ላይ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በፊት በነበረው ማሻሻያ ባዶ ፎልደሮች በድርብ ይታዩብናል የሚል ቅሬታ ቀርቦ ስለነበር ማይክሮሶፍት እነዚህን የሚያስወግድ ትእዛዝ ጨመረ። ትእዛዙ ግን አሮጌውን ፎልደር በውስጡ ካለው ሰነድ ጋር ጠራርጎ አጠፋው።

ኩባንያው እንዳስታወቀው ጉዳቱን ያመለከቱት ከ10,000 ተካዮች አንዱን ያህል ነበሩ። እትሙን ለሙከራ የወሰዱ ሰዎች ችግሩን አስቀድመው ጠቁመው የነበረ ቢሆንም ጥቆማቸው ከብዙ አስተያየት መካከል ሰምጦ ቀርቷል። እትሙ ታርሞ እንደገና የወጣው በኖቬምበር 13 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከ10,000 አንድ መሆን አነስተኛ ዕድል ይመስላል፤ ዕጣው የወጣበት ነጋዴ ግን የሚያጣው የዱቤ መዝገቡን በሙሉ ነው።

ጠፋ ወይስ ቦታ ለወጠ?

ጠፋ የተባለ ፋይል ሁሉ የተሰረዘ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ አንዳንድ ተጠቃሚዎችን በጊዜያዊ አካውንት እያስገባ ባዶ ዴስክቶፕ አሳይቷቸዋል። ሰነዱ ግን ሲ ላይ፣ ዩዘርስ በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ በተለወጠ ፎልደር ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ከድንጋጤ በፊት በቅደም ተከተል መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የተገባው በትክክለኛው አካውንት መሆኑን ማረጋገጥና ዩዘርስ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት። ሁለተኛ፣ ዋንድራይቭ ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን ወደ ራሱ ፎልደር አዛውሮ ሊሆን ስለሚችል እዚያ መፈለግ። ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ ኦልድ የተባለውን ፎልደር መመልከት። አሮጌው ሲስተም የሚቀመጠው በዚህ ውስጥ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ስለሚሰረዝ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። አራተኛ፣ የአንድ ሰነድ ስም የሚታወስ ከሆነ ዲስኩን በሙሉ በስሙ ማስፈለግ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተገኘ ኮምፒዩተሩን ወዲያውኑ መጠቀም ማቆም ይገባል። በመደበኛው ሃርድ ዲስክ ላይ ሲሰረዝ የሚጠፋው የፋይሉ አድራሻ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ኢንተርኔት መክፈት ወይም የማስመለሻ ፕሮግራም በዚያው ዲስክ ላይ መጫን የቀረውን ይደመስሰዋል። ዲስኩ ተፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በባለሙያ ቢታይ ይሻላል። ኤስኤስዲ በተባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ ግን የተሰረዘው ቦታ ቶሎ ስለሚጸዳ የማስመለስ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ለጥገና የሚሄድ ነጋዴ በሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይኖርበታል። ማሻሻል ሰነዱን በቦታው ትቶ ሲስተሙን ይለውጣል፤ ፎርማት ማድረግ ግን ዲስኩን ባዶ ያደርጋል። ቴክኒሻኑ የትኛውን እንደሚሠራ ኮምፒዩተሩን ከመረከቡ በፊት ይናገር።

ሌላው የሚዘነጋው የሂሳብ ፕሮግራሙ ነው። ፒችትሪንና መሰሎቹን የሚጠቀም ድርጅት ዶክመንትስን ብቻ ቢገለብጥ ሂሳቡን አልገለበጠም፤ መረጃው የሚቀመጠው በፕሮግራሙ የራሱ ፎልደር ነውና። መጠባበቂያው በፕሮግራሙ የባክአፕ ትእዛዝ ተወስዶ በውጭ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ካልተሞከረ ደግሞ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም። ማሻሻያው በሚካሄድበት ሰዓትም የውጭ ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ይቆይ።

የውጭ ዲስክ ዋጋ አንድ ጊዜ የሚከፈል ወጪ ነው። የጠፋ የዱቤ መዝገብ ግን ለመተካት የሚያስቸግር ሀብት ነው፤ አበዳሪው ማስረጃ ሲያጣ የተበዳሪው የማስታወስ ችሎታም አብሮ ይቀንሳል። ወደ አዲሱ ሲስተም ለመሸጋገር ያሰበ ድርጅት ሥራውን በወር መዝጊያ ወይም በግብር ማስታወቂያ ሳምንት ከማድረግ ይልቅ፣ ገበያ ቀዝቀዝ ባለበት ቀን፣ ቅጂው ከተፈተነ በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል።