ከባለሙያነት ወደ መሪነት፦ ስሜትን የመምራት ክህሎት

በጅዳና በመካ፣ ሂንዳዊያ በሚባሉት ሰፈሮች ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቴክኒሻን የጥገና ቡድን መሪ መሆን አዲስ ፈተና ነው፤ ትናንት ማሽን ይጠግን የነበረው ዛሬ ቋንቋቸው የተለያየ ሠራተኞችን ያስተባብራል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር በ1990 እ.ኤ.አ. “ስሜታዊ ብልህነት” ያሉት ክህሎት የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ በአግባቡ መምራት ሲሆን፣ በልምምድ ይዳብራል።

ሳዑዲ ዓረቢያ በሞቃታማዎቹ ሦስት ወራት ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን ትከለክላለች። በቀሪዎቹ ሰዓታትም ሙቀቱ ትዕግሥትን ይፈትናል። ስህተት ሲፈጠር በሰው ፊት የሚቆጣ መሪ ቀጣዩን ስህተት የሚነግረው አያገኝም፤ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ብልሽት ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል። ስለዚህ ቁጣን አብርዶ፣ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ “ምን አጋጠመህ?” ብሎ መጠየቅ የመሪነት የመጀመሪያው ትምህርት ነው።