ከአረፋ ማግስት ፈርስ እስከ ጓሮ ጎመን፦ የመሬት ትል ምን ይሠራልናል?



የዒድ አል-አድሓን ማግስት እናስታውስ። ሥጋው ተከፋፍሎ የጎረቤትና የሚስኪኖች ድርሻ ደርሷል። ቆዳውም ገዢ ከተገኘለት ሄዷል። የቀረው ፈርሱ ነው። እሱ በጆንያ ታስሮ አጥር ሥር ወይም ቱቦ ዳር ይቀመጣል። ፀሐይ ሲነካው ይሸታል፤ ዝንብ ይወርረዋል፤ ዝናብ ከቀደመ ደግሞ ጆንያው ተፈትቶ ቱቦውን ይደፍናል። በመጨረሻ ከፍለን እናስነሳዋለን።

የታሰረበትን ጆንያ ልብ ብለን ካየነው ብዙ ጊዜ ባዶ የዩሪያ ከረጢት ነው። በየቤታችን ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን ነው የምንጠራው። ከውጭ የመጣው ማዳበሪያ አልቆ ባዶው ጆንያ ስሙን ይዞ ቀረ። እኛ ደግሞ አፈር ሊያዳብር የሚችለውን የቤታችንን ተረፈ ምርት ሞልተንበት እንጥላለን።

ዛሬ የምናወራው ይህን የሚጣል ነገር ወደ ማዳበሪያ ስለሚቀይር ፍጡር ነው፤ ስለ መሬት ትል። የግብርና ባለሙያዎች ሥራውን «ቨርሚ ኮምፖስት» ይሉታል። እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚበላሽ፣ ከዲን አንጻር ስለሚነሳው ጥያቄና ከዚህ ሥራ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብን በቅደም ተከተል እናያለን።

ችግሩ ሁለት ነው

የመጀመሪያው የቆሻሻ ችግር ነው። በከተሞቻችን ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው፦ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል። ይህ ሁሉ ከፌስታልና ከጠርሙስ ጋር ተቀላቅሎ ሲከመር አየር ያጣል። አየር አጥቶ የሚበሰብስ ነገር ደግሞ የሚሸት ፈሳሽና ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የጣልነው ነገር ከዓይናችን ይርቃል እንጂ አይጠፋም፤ ሌላ ሰው ደጅ ላይ ይከማቻል።

ሁለተኛው የማዳበሪያ ችግር ነው። ገበሬያችን የሚጠቀምበት ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በመርከብና በከባድ መኪና የሚደርስ ነው። የዓለም ገበያ ሲናጋ ዋጋው ይንራል፤ መንገድ ሲዘጋ ይዘገያል። የዘር ወቅት ግን አይጠብቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በተለያዩ አካባቢዎች ማዳበሪያ በወቅቱ ያላገኙ ገበሬዎች ያሰሙትን አቤቱታ ሁላችንም ሰምተናል።

ተመሳሳይ ነገር የደረሰባት አንዲት ሀገር ኩባ ናት። ማዳበሪያና ነዳጅ ታገኝ የነበረው ከሶቪየት ኅብረት ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሶቪየት ስትፈርስ ያ ሁሉ ቀረባት። ያኔ ኩባውያን ከያዟቸው መውጫዎች አንዱ የከብት እበትን በትል ማብላላት ነበር። ችግራቸውን በሙሉ አልፈታላቸውም፤ ግን የከተማ ጓሮዎቻቸው አትክልት እንዲያበቅሉ አግዟል።

ትሉ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ይህ ትል የሰው ሆድ ውስጥ የሚገባው ጥገኛ ትል አይደለም። ዓይን የለውም፣ ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው እርጥብ በሆነው ቆዳው ነው። ስለዚህ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል፤ ውሃ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ከተዘፈቀም አየር አጥሮት ይሞታል።

ጥርስም የለውም። የሚበሰብሰውን ነገር ከጥቃቅን የአፈር ቅንጣት ጋር ይውጣል፤ በሆዱ ውስጥ እንደ ዶሮ የሚፈጭ ጠንካራ ጡንቻ አለው። የተፈጨው ነገር በአንጀቱ ሲያልፍ ከባክቴሪያዎች ጋር ይብላላል። በመጨረሻ የሚወጣው ኩሱ ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነገር ነው። በውስጡ ያሉት ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ተክል በቀላሉ በሚወስደው መልክ ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ቻርለስ ዳርዊን በ1881 (እ.ኤ.አ.) ስለ ትሎች ብቻ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የእርሻ መሬትን ከሰው ማረሻ በፊት ትሎች ሲያርሱት እንደኖሩ የጻፈው በዚያ መጽሐፍ ነው።

ሁሉም ትል ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከማሳ ቆፍረን የምናወጣው ትል አፈር ውስጥ ጠልቆ መኖር የለመደ ስለሆነ ሣጥን ውስጥ ስናስገባው አይበረክትም። ለማዳበሪያ የሚመረጠው ከላይ በሚበሰብስ ነገር ውስጥ የሚኖረው ቀይ ትል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤይሴኒያ ፌቲዳ ይባላል። ከግብርና ምርምር ማዕከላት ወይም ከሚያራቡ ገበሬዎች ይገኛል። ሲመቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥሩ እጥፍ ስለሚሆን ብዙ መግዛት አያስፈልግም።

አሠራሩ

ቦታ፦ ጥላ ያለበት፣ ዝናብና ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ይመረጥ። ትሉ የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ሙቀት ነው። የእንጨት ሣጥን፣ የተቆረጠ በርሜል ወይም ሰፊ የፕላስቲክ ገንዳ ይበቃል። ከሥሩ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይኑሩት። ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር አይለፍ። ጉንዳን እንዳይገባ እግሮቹን ውሃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ማቆም ጥሩ ዘዴ ነው። ዶሮ እንዳይደርስበትም ይከደን።

ምንጣፍ፦ ከታች የተቆራረጠ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን ይነጠፍ። እርጥበቱ ተጨምቆ ከወጣ ጨርቅ ጋር ይመሳሰል፤ በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው።

ምግብ፦ የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቆየ እበትና ፍግ ይሆናሉ። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባት፣ ወተት፣ ጨው የበዛበት ነገር አይገባም። ዘይትና በርበሬ ያለበት የወጥ ትራፊም አይገባም። ሎሚና ብርቱካን፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲበዙ ትሉን ይጎዱታል። የጫት ገረባም ቅጠል ነውና ይበሰብሳል፤ ነገር ግን ብዙ ፀረ ተባይ የተረጨበትን ጫት ገረባ ባንጠቀም ይሻላል።

አረፋ ላይ የሚገኘውን ፈርስ እንዲሁ በትኩሱ መስጠት አይቻልም። ከጭድና ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅሎ፣ ክምር አድርጎና ሸፍኖ፣ በየሳምንቱ እያገላበጡ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ማቆየት ያስፈልጋል። ክምሩ መጀመሪያ ይግላል፣ ቀጥሎ ይበርዳል። እጃችን ከመሐሉ ገብቶ ሙቀት ካልተሰማው ለትሉ ደርሷል ማለት ነው። ደሙ ከዚህ ጋር አይቀላቀል።

አንድ ኪሎ ትል ሲመቸው በቀን እስከ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ምግብ ይበላል። መጀመሪያ ላይ ግን ጥቂት እየሰጠን፣ የሰጠነው ሲያልቅ እንጨምር። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጥቁሩ ማዳበሪያ ይደርሳል። ለማውጣት አዲስ ምግብ በሣጥኑ አንድ ጎን ብቻ እናስቀምጥ፤ ትሎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፣ እኛም የሌላውን ጎን እናነሳለን። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር ይናፈስ።

የት ላይ ይበላሻል?

እኛ ራሳችን በመምህርነት ዘመናችን ከተማሪዎቻችን ጋር ስንጀምር የመጀመሪያዎቹን ትሎች ገድለናቸዋል። ከበረት የመጣ ትኩስ እበት እንዳለ ሞላንባቸው። በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ስንከፍት ሙቀቱ እጅ ያቃጥላል፤ ከትሎቹ ያመለጡት በሣጥኑ ጠርዝ የወጡት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ልጆቹ በጣም አዘኑ። እኛም የቸኮልነው እኛ መሆናችንን ነገርናቸው። በቀሩት ጥቂት ትሎች እንደገና ጀመርን፤ ሁለተኛው ሣጥን ተሳካ።

ስለዚህ ምልክቶቹን እንወቅ። ሣጥኑ ከሸተተ ምግብ በዝቷል ወይም ውሃ በዝቷል ማለት ነው፤ መመገብ አቁሞ ደረቅ ጭድ ወይም ካርቶን መቀላቀል ነው። ትሎቹ በግድግዳው ላይ ከወጡ ውስጡ አልተመቻቸውም። ጉንዳን ከገባ ሣጥኑ ደርቋል። በቅርቡ የትል መድኃኒት የተሰጣቸው ከብቶች እበትም ይቆይ፤ መድኃኒቱ የእኛንም ትሎች ሊገድል ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። የትል ማዳበሪያ እንደ ተራው ኮምፖስት አይግልም። የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተህዋስያን በሙቀት የሚሞቱት ፈርሱና እበቱ ቀድሞ በሚከመርበት ጊዜ ነው። ያን ደረጃ መዝለል የለብንም። ሠርተን ስንጨርስ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣም በደንብ ይታጠብ።

ፍግ ነጃሳ አይደለምን?

ይህን ጥያቄ ደጋግመን ሰምተነዋል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ሥጋቸው የሚበላ እንስሳት ፋንድያ ጦሃራ ነው የሚሉት የማሊኪያና የሐንበሊያ ዑለማዎች ናቸው። በሻፊዒያ ዘንድ ነጃሳ ነው፤ ሆኖም መሬትን ለማዳበር መጠቀም የተጠላ ቢሆንም የተፈቀደ ነው፣ የበቀለውም አዝመራ በዚህ ምክንያት አይነጀስም። ሐነፊያዎችም ነጃሳነቱን ቢናገሩም መጠቀሙንና መሸጡን ፈቅደዋል። ስለዚህ ሥራው ላይ ችግር የለም። በመዝሀቡ ነጃሳ ነው የሚል ሰው የነካውን ልብስና ገላ ከሶላት በፊት ያጥባል። ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ያለው የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ።

ሌላም ነገር አለ። የተረፈ እንጀራና ምግብ ወደ ትል ሣጥን መወርወር ኢስራፍን ሐላል አያደርገውም። የሚበላ ነገር መጀመሪያ ለሰው ነው፤ ሰው የማይበላው ለከብትና ለዶሮ ነው። ለትል የሚደርሰው ከእነዚህ ሁሉ ያለፈው ነው።

ልኩን እናውቅ

አንዳንድ ሻጮች የትል ማዳበሪያ ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል እያሉ ትሉን በውድ ይሸጣሉ። ሒሳቡን እንሥራው። ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። የትል ማዳበሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶው ከ1 እስከ 2 ብቻ ነው ናይትሮጅኑ። 1.5 ከመቶ ብለን ብንይዝ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ናይትሮጅን ለማግኘት 30 ኩንታል ያህል የትል ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ይህን ከአንድ ሣጥን ማግኘት አይቻልም። ስንዴና በቆሎ በሄክታር የሚያመርት ገበሬ በአንድ ሣጥን ተማምኖ ዩሪያውን ቢተው ምርቱ ይጎዳል፤ ቤተሰቡም ይራባል።

ታዲያ ጥቅሙ የት ላይ ነው? ዩሪያ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል። አፈሩ ውሃ እንዲይዝ፣ እንዳይጠነክርና ሕያው እንዲሆን ያደርጋል። ስለዚህ ጥቂት ማዳበሪያ ብዙ በሚሠራበት ቦታ እናውለው፦ በጓሮ ጎመንና ቲማቲም ሥር አንድ ሁለት እፍኝ፣ በችግኝ ማፍያ አንድ እጅ ማዳበሪያ ከሦስት እጅ አፈር ጋር፣ በቡናና በፍራፍሬ ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ። ከብት ያለውና ሥራውን ያሰፋ ገበሬ ደግሞ ከኬሚካሉ ጋር አዳብሎ በመጠቀም የሚገዛውን መጠን ቀስ በቀስ መቀነስ ይችላል።

ከየት እንጀምር?

ከማዕድ ቤት እንጀምር። የዛሬው ሥራ ሁለት ባልዲ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ለሚበሰብስ፣ ሌላው ለማይበሰብስ። ትሉ ከእኛ የሚፈልገው ትልቁ ነገር ይህ መለየት ነው። ፌስታል የተቀላቀለበትን ቆሻሻ የትኛውም ትል አያስተካክለውም። ቦታ የሌላቸው ጎረቤታሞች በአንድ ግቢ ተባብረው መሥራት ይችላሉ። ሰፊ ግቢ ያላቸው መስጂዶችና መድረሳዎችም የሰፈሩን የአረፋ ፈርስ የሚከምሩበት አንድ ጥግ ቢያዘጋጁ ማግስቱን ቱቦ ዳር የሚቀመጠው ጆንያ ይቀንሳል፤ ለደረሳዎቹም የጓሮ አትክልት ይወጣዋል።

ትሎቹ ሲበዙ ደግሞ አንድ ጣሳ ለጎረቤት እንስጥ። የሰጠነው አይጎድልብንም፤ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይሞላል። ኢንሻአላህ ለሚቀጥለው አረፋ ያ ጆንያ ሲታሰር ውስጡ ያለው ነገር ከስሙ ጋር የሚስማማ ይሆናል።

ወላሁ አዕለም።