7ኛና 8ኛ ክፍል፦ በሆጤና በዓለም አቀፍ ት/ቤት መካከል ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የደሴ ጉም ገና ሳይገለጥ ሆጤ አካባቢ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች መንገዱን ይሞሉታል። ግማሹ ይሮጣል፣ ግማሹ ከጓደኛው ጋር ይሳሳቃል፣ አንዳንዱ ደሞ እየሄደ ደብተር ይገልጣል።

7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል የሆነ ታናሽ ወንድም ወይ እህት ካላችሁ አንድ ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። የሚማሩት ነገር እኛ ከተማርነው ይለያል። ለብቻው ፊዚክስ፣ ለብቻው ኬሚስትሪ፣ ለብቻው ባዮሎጂ የለም። ሦስቱ ተጠቃለው «አጠቃላይ ሳይንስ» ሆነዋል። «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚባል መጥቷል። የሙያና ቴክኒክ ትምህርት፣ አይሲቲ፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻም አለ።

ቤት ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ያው የድሮው ነው፦ «ይሄ ሚኒስትሪ ላይ ይመጣል?»

ዛሬ ስለዚች ጥያቄ እናውራ። ምክንያቱም አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት የምታሳድገውም የምትገድለውም እሷ ናት።

መጀመሪያ፦ ምን ተቀየረ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን በሙሉ አንደኛ ደረጃ ብሎ ነበር የያዘው። 7ኛና 8ኛ የራሳቸው ቤት አልነበራቸውም። አሁን ያለው አወቃቀር 6-2-4 ነው። 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ ደረጃ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ።

አያቶቻችሁን ብትጠይቁ «ይሄማ አዲስ አይደለም» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። በንጉሡም በደርግም ጊዜ 7ኛና 8ኛ ለብቻው ነበር። እነሱ «ጁኒየር» የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ለብቻው መሆኑ ለምን ያስፈልጋል? የ13 ዓመት ልጅ ሕፃንም አይደለም፣ ትልቅ ሰውም አይደለም። ሰውነቱ እየተለወጠ ነው። ጓደኛ የሚለው ነገር ወላጅ ከሚለው በላይ የሚሰማበት ጊዜ ነው። «ለምን?» ማለትም ይጀምራል። በዚህ ዕድሜ «ዝም ብለህ አጥና» ብቻ የተባለ ልጅ ወይ ይሰለቻል ወይ ማሸምደድን ትምህርት ነው ብሎ ያምናል።

ዓለም ይህን ዕድሜ እንዴት ያስተምረዋል?

ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ በአጭሩ አይቢ፣ የሚባል ድርጅት አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ጄኔቫ ላይ ነው የተመሠረተው። ይህ ድርጅት በ1994፣ ማለትም የኛ የ1986ቱ ፖሊሲ በወጣበት ዓመት፣ ከ11 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሚድል ይርስ ፕሮግራም የሚባል ሥርዓት ጀመረ።

ልጆቹ በስምንት ዘርፍ ይማራሉ፦ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ተጨማሪ ቋንቋ፣ ግለሰብና ኅብረተሰብ፣ ሳይንስ፣ ሒሳብ፣ ጥበብ፣ ጤናና ስፖርት፣ ዲዛይን። እያንዳንዱ ዘርፍ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ማግኘት አለበት። ጥበብና ስፖርት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ተደርገው አይታዩም። በየዓመቱ ደሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘርፎችን አንድ ላይ የሚያገናኝ ትምህርት የግድ ይሰጣል።

አሁን ዝርዝሩን ከታናሻችሁ የትምህርት ዓይነቶች ጋር አስተያዩት። ቋንቋ አለ፣ ሳይንስ አለ፣ ኅብረተሰብ አለ፣ ጥበብ አለ፣ ስፖርት አለ። የኛ አዲሱ የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ልጆች እንዲያዳብሯቸው ከሚፈልጋቸው ችሎታዎች ውስጥም ጥልቅ አስተሳሰብ፣ ፈጠራ፣ ተግባቦት፣ አብሮ መሥራት፣ ዲጂታል ዕውቀት፣ እንዲሁም ባህላዊ ማንነትና ዓለም አቀፍ ዜግነት ይገኙበታል።

ስለዚህ ወረቀት ላይ ያን ያህል አንራራቅም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ጋ ነው?

ልጁ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ላይ ነው። ምሳሌ እንውሰድ፣ ቦርከናን።

በለመድነው መንገድ ፈተናው «የቦርከና ወንዝ የየትኛው ተፋሰስ አካል ነው?» ይላል። «ሐ. የአዋሽ» ብለህ ታከብባለህ። አለቀ። በማግስቱ ይረሳል።

በሌላኛው መንገድ ግን ጥያቄው «ቦርከና ደሴ ላይና ኮምቦልቻ ላይ አንድ ዓይነት ነው ወይ? ካልሆነ ለምን?» ይሆናል። ይህን ለመመለስ አንድ መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም።

ሒሳብ፦ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በሐረጎ በኩል መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ ስንት ሜትር ይወርዳል? 26 ሜትር ገደማ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬት የምታወልቁት ለምን እንደሆነ ከዚህ ይጀምራል።

ሳይንስ፦ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቢራ አለ፣ ቆዳ አለ። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች በፋብሪካዎቹ አጠገብ አልፈው ቦርከና ይገባሉ። ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ በደንብ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ምን ይፈጠራል?

ዜግነት፦ ፋብሪካው ለስንት ሰው እንጀራ ነው። ከታች ያለው ገበሬ ደሞ በዚያው ውሃ አትክልት ያጠጣል። ማን ምን ግዴታ አለበት?

ኅብረተሰብ፦ ውሃው ከኮምቦልቻ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደሞ ባሕር አይደርስም። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። እንግዲህ «ዓለም አቀፍ አስተሳሰብ» ማለት ስለ ጄኔቫ ማውራት ብቻ አይደለም። ደሴ ላይ የጣልነው ፌስታል ወዴት እንደሚሄድ ማወቅም ነው።

ጥበብ፦ ከአራቱ የታወቁ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ልጆቹ ስለ ወንዛቸው አንዲት ዜማ በአምባሰል ቢሞክሩ ክወናው እሱ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሥራ እንዴት ይታረማል? በአይቢው ሥርዓት አንድ ትምህርት በአራት መስፈርት ይለካል፣ እያንዳንዱ ከ8 ነው፣ ድምሩ ከ32። ለሳይንስ አራቱ እነዚህ ናቸው፦ ማወቅና መረዳት፣ ጥያቄ አንስቶ ሙከራ ማቀድ፣ ያገኙትን መረጃ መተንተን፣ ሳይንሱ በሰው ሕይወት ላይ ያለውን ተጽዕኖ ማሰብ። ልብ በሉ፣ ማወቅ ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። እኛ ጋ ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው እሱኑ ብቻ ነው።

ኧረ ቆይ፣ እኛ ጋ ይሄ ይቻላል?

እውነቱን እንነጋገር። ዓለም አቀፍ ት/ቤት ክፍል ውስጥ ያሉት ጥቂት ልጆች ናቸው፣ ክፍያውም ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። እኛ ጋ ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፣ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። በክልላችን ዛሬም በግጭቱ ምክንያት ት/ቤት ደጃፍ ያልደረሱ ብዙ ልጆች አሉ። በዚህ ሁሉ መሃል የሚያስተምር መምህር ምስጋና ነው የሚገባው።

ፈተናም ጠላት አይደለም። ሚኒስትሪን ማለፍ ያስፈልጋል። ግን አንድ ነገር እናስታውስ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አንድ ነገር ላይ ብቻ አይለጠፍም። ቢያንስ ግን ማሸምደድ እንዳላዳነን ግልጽ ነው።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልክና የእሁድ ከሰዓት ይበቃል።

1. ጥያቄውን ቀይሩት። «ስንት አመጣህ?» ከማለት በፊት «ዛሬ ምን ጠየቅክ?» በሉት። መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፣ በኋላ ይለምደዋል።

2. አንድ የሰፈር ጉዳይ ስጧት። ቦርከና፣ የጦሳ ተራራ ዛፍ፣ የሰፈሩ ቆሻሻ፣ የፒያሳ ገበያ ዋጋ፣ የፈለገችው ይሁን። በስልካችሁ ፎቶ ታንሳ፣ ትቁጠር፣ አያቷን ትጠይቅ፣ አንድ ገጽ ትጻፍ። ወንዙን ከዳር ሆና ትየው፣ ውሃው ውስጥ መግባት የለም።

3. ክወናና እይታ ጥበባትን አትናቁባቸው። «ይሄ እንጀራ አይሆንም» የምትል አንዲት ቃል የ13 ዓመት ልጅን ለዓመታት ዝም ታሰኛለች።

አይቢ የሚባለው ነገር አስማት አይደለም። ሆጤ ያለ ልጅም ሐረጎን እየወረደ «ለምንድነው እየሞቀ የሚሄደው?» ብሎ ከጠየቀ ትምህርቱን ጀምሯል ማለት ነው። የኛ ድርሻ «ዝም በል፣ ፈተና ላይ አይመጣም» አለማለት ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ ታናሻችሁን ጠይቁትና ያላችሁን ጻፉልን። 8ኛ ክፍል ልጅ ላለው ሰውም አጋሩለት።