ሪሞቱን ከማንሳታችሁ በፊት፦ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ሲደክም

ቤታችሁ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ የሚወድ ሰው ካለ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አትቀሩም፤ ድራማውን ከማንም በላይ የሚያማው እሱ ራሱ ነው። «ይሄ ክፍል ባይሠራ ይሻል ነበር»፣ «ይቺን ልጅ ምን ልትሠራ አመጧት?» እያለ ያመሻል። በማግሥቱ ግን ቀጣዩን ክፍል ለማየት ከሁሉም ቀድሞ ሶፋው ላይ የሚገኘው እሱ ነው። የገበያ ባለሙያ ስለሆንኩ ይህ ጠባይ አይገርመኝም። ቅሬታ ይዞ የመጣ ደንበኛ ገና ተስፋ አልቆረጠም፤ የሚያሰጋው ዝም ብሎ የሄደው ነው።

እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ስታዩ ደካማውን ክፍል ለመዝለል አትቸኩሉ። ጥሩ ክፍል ያስደስታል፤ ደካማው ደግሞ ያነጋግራል። ልጆች ሰውን እንዴት እንደሚመዝኑ ለመስማት ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ክፉ ማለት ደካማ ማለት አይደለም

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የ«ሰው ለሰው»ን አስናቀን አስታውሱ። አበበ ባልቻ የተጫወተው ያ ሰው ክፉ ነበር፤ ደካማ ገጸ ባሕርይ ግን አልነበረም። የሚፈልገውን ያውቃል፣ የሚፈልገውን ለማግኘት ይከፍላል፣ ያስከፍላል። ስለዚህ እየጠላነውም ጠበቅነው።

አሁን ወደ ጠፈር እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1987 በጀመረው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ውስጥ ዌስሊ ክረሸር የሚባል ጎበዝ ልጅ አለ። ተዋናዩ ዊል ዊተን ነበር። ዌስሊ ጨዋ ነው፣ ብልህ ነው፣ ታላላቆቹ መላ ያጡለትን ችግር ፈትቶ መርከቧን ያድናል። ይህ ሁሉ እያለው ብዙ ተመልካች አልወደደውም። ለምን? ስህተቱ ምንም ስለማያስከፍለው ነው። የማይወድቅ ልጅ ሲነሣ ማየት አይቻልም።

በ1992 በታየው «ዘ ፈርስት ዱቲ» በተሰኘው ክፍል ግን ይኸው ልጅ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። የጠፈር አካዳሚ ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር የተከለከለ የበረራ ትርዒት ሲሞክሩ አንዱ ይሞታል፤ የተረፉትም ተስማምተው ይዋሻሉ። ዌስሊ እውነቱን ለመናገር ጓደኝነቱንም የትምህርት ዓመቱንም መክፈል ነበረበት። ተዋናዩ ያው ነው፣ ስሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ዋጋ መክፈሉ ብቻ ነው። አሥራዎቹ ውስጥ የገባ ልጅ ካላችሁ ይህን ክፍል አብራችሁ እዩት።

የአያት ፈተና

እዚህ ቦምቤ ቤታችን ስንሰበሰብ የእህቴ ልጆች ያዩትን ለእናቴ በወላይትኛ ይተርኩላታል። እናቴ የጠፈር መርከብ ጉዳይ አያስጨንቃትም። የምትጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፤ «ሰውዬው ምን ፈልጎ ነው?» እና «እሱ ባይኖር ምን ይጎድላል?» መብራት ሄዶ ክፍሉ ከመሀል ሲቋረጥ እንኳ ጥያቄዎቹ አይቋረጡም። ልጆቹ መልስ ካጡ ያ ገጸ ባሕርይ አበቃለት።

በዚህ ፈተና ክፉኛ የሚወድቁት የ«ሎስት» ኒኪና ፓውሎ ናቸው። ከ2004 እስከ 2010 የታየው ይህ ድራማ ከአውሮፕላን አደጋ ተርፈው ደሴት ላይ ስለቀሩ ሰዎች ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ሁለት ቆንጆ ወጣቶች ድንገት ብቅ ብለው ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደነበሩ ሆነው ማውራት ጀመሩ። እስከዚያ የት ነበሩ? ምን ይፈልጋሉ? ተመልካቹ አጉረመረመ፤ ጸሐፊዎቹም ሰሙ። በ2007 በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱ በሸረሪት መርዝ ደንዝዘው፣ የሞቱ መስለው፣ ከነሕይወታቸው ተቀበሩ። እንዲህ ያለ የቅሬታ ምላሽ በእኔ ሙያ አልገጠመኝም!

ደካማ ክፍል ከየት ይመጣል?

አንድ ክፍል ሲያስጠላን ጸሐፊውን እንወቅሳለን። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ገንዘብና ጊዜ ላይ ነው።

የመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» ሊቋረጥ ሲል አፍቃሪዎቹ ለቴሌቪዥን ጣቢያው በጻፉት የደብዳቤ ጎርፍ ለሦስተኛ ምዕራፍ በቃ። ነገር ግን በጀቱ ተቀነሰ፣ ሰዓቱም ወጣቱ ከቤት ወደሚወጣበት የዓርብ ምሽት ዘግየት ያለ ሰዓት ተዛወረ። በ1968 ያ ምዕራፍ የተከፈተው «ስፖክስ ብሬን» በተባለው ክፍል ነው። የስፖክ አንጎል ይሰረቃል፤ ባልደረቦቹም አንጎል የሌለውን ገላ በሪሞት እየነዱ ሌባዋን ፍለጋ ይሄዳሉ። እስከ ዛሬ የደካማ ክፍል ምሳሌ ሲፈለግ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው።

ሌላው በ1989 የታየው «ሼድስ ኦፍ ግሬይ» ነው። ባለፈው ዓመት የአሜሪካ ጸሐፊዎች ለወራት ሥራ አቁመው ስለነበር ምዕራፉ አጥሯል፤ ገንዘቡም ተሟጧል። መፍትሔው ምን ሆነ? ራይከር የተባለው መኮንን በመርዛማ ተክል ተወግቶ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ በፊት የታዩ ክፍሎችንም «ያስታውሳል»። የትናንት ወጥ ተሞቆ እንደ አዲስ ቀረበ ማለት ነው።

ከድፍረት የሚመጣ ድክመትም አለ። የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» ሁለተኛ ምዕራፍ ሰባተኛ ክፍል ኢለቨንን ከጓደኞቿ ነጥሎ ወደ ቺካጎ ይወስዳታል። ታሪኩ በጋለበት ሰዓት ስለተቋረጠ ብዙዎች ተናደዱ። እኔም ክፍሉን አልወደድኩትም፤ ሙከራውን ግን አከብራለሁ። ወጥ ማሞቅና አዲስ ወጥ ሞክሮ ጨው ማብዛት እኩል አይደሉም። ልጆቻችሁ ሥራቸውን ይዘው ሲመጡም ይህን ልዩነት አትርሱ።

ዝም የማይባልበት ድክመት

እስካሁን ያነሣናቸው ያስቃሉ። የማያስቅም አለ። በ1987 በታየው «ኮድ ኦፍ ኦነር» መርከቧ የምታርፈው ነዋሪዎቹ በሙሉ ጥቁሮች በሆኑበት ፕላኔት ላይ ነው። አለቃቸው ከመርከቧ ነጭ ሴት መኮንን ይጠልፋል። ክፍሉን ተዋንያኑ ራሳቸው ሳይቀሩ ነቅፈውታል። ደራሲዎቹ ስለ ሩቅ ወደፊት አስበን ጻፍን ቢሉም እኛን የሚመስል ሰው ሲያስቡ የመጣላቸው የድሮው ሥዕል ነው። ልጃችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይህን ቢያይ ሪሞቱን ማንሳት ቀላል ነው። ግን ያየው ነገር ከውስጡ አይጠፋም። ይልቅ «እኛ እንደዚህ ነን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙት።

በአንጻሩ ኡሁራን ተመልከቱ። በመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» የመገናኛ መኮንን ናት፤ በብዙ ክፍል ከጥቂት ቃላት በላይ አትናገርም። በእናቴ ፈተና ብትገባ ትወድቅ ነበር። ተዋናይቷ ኒሼል ኒኮልስም ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ልትተወው አስባ ነበር። ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው እንድትቆይ ያግባባት ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው፤ ጥቁር ሴት በክብር ቦታ ተቀምጣ መታየቷ ከቃላቱ ብዛት ይበልጣል ብሎ። ድራማውን እያየች ያደገችው ሜይ ጀሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ጸሐፊዎቹ ለኡሁራ ቃል ነፈጓት፤ ቤቷ ተቀምጣ ያየቻት ልጅ ግን የጎደለውን ሞላችው።

ለቤታችሁ ሦስት ነገር

ቅዳሜ ማታ ፍላሹ ሲሰካ ይህን ሞክሩ። አንደኛ፣ ልጁ «ደባሪ ነው» ሲል አትለፉት፤ «ማን ነው ያልፈለገው? ማን ነው ያልከፈለው?» በሉት። ሁለተኛ፣ ክፍሉን ለአያቱ ወይም ለታናሹ እንዲተርክ አድርጉ፤ የማይተረክ ክፍል ድክመቱን ራሱ ያጋልጣል። ሦስተኛ፣ «አንተ ብትሆን እንዴት ትጽፈው ነበር?» ብላችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡት።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። የወደፊቱን ዓለም የሚያሳዩን ድራማዎች እስካሁን በአብዛኛው በሌሎች የተጻፉ ናቸው። ከደካማ ክፍል ጋር ተከራክሮ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ጥሩውን ሊጽፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠፈር ላይ ወላይትኛ የሚናገር መኮንን ብናይ አይገርመኝም። በእርግጥ መኮንኑ ደካማ ገጸ ባሕርይ ከሆነ እናቴ አትምረውም።