የትንኝ ከዋክብትና ሰው የማይኖርበት መንደር

ከኒውዚላንዷ ኦክላንድ ወደ ደቡብ የሚወርዱት የጉብኝት አውቶቡሶች በማለዳ ነው የሚነሱት። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ማዳረስ አለባቸው፤ የዋይቶሞን ዋሻና ማታማታ አጠገብ ያለውን ሆቢተን የተባለ የፊልም መንደር። እስከ ዋሻው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ መንደሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ወደ ኦክላንድ ለመመለስ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የቀኑ ግማሽ በመንገድ ያልቃል። በመንገዱ የሚታየውን የዋይካቶ አረንጓዴ ሜዳ የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ላም፣ አጥር፣ እንደገና ላም፣ እንደገና አጥር ከማለት ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

የዋይቶሞ ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። ዛጎልና የባሕር እንስሳት አጥንት እየተከመረ ጠጥሮ የኖራ ድንጋይ ሆነ፤ መሬቱ ከፍ ብሎ ሲሰነጠቅ ደግሞ ውሃ ገብቶ ፈለፈለው። በ1887 ታኔ ቲኖራው የተባለ የማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) አለቃና ፍሬድ ሜስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀያሽ ከአገሩ የቃጫ ተክል አገዳ ታንኳ አስረው፣ ሻማ ይዘው ወንዙ በሚገባበት አፍ ዘለቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቲኖራው ከሚስቱ ከሁቲ ጋር ሆኖ እንግዳ ማስጎብኘት ጀመረ። በ1906 መንግሥት ዋሻውን ወሰደባቸው። ለባለመሬቶቹ ዘሮች የተመለሰው በ1989 ነው። ዛሬ ጎብኚውን ከሚመሩት መካከል የቲኖራው የልጅ ልጆች አሉ።

ዋሻው ውስጥ ጣሪያው ላይ እንደ ከዋክብት የሚያበራው የአንዲት ትንኝ እጭ ነው። ሳይንስ አራክኖካምፓ ሉሚኖሳ ይላታል፤ ከኒውዚላንድ በቀር የትም አትገኝም። እጩ ከጣሪያው ሥር የሐር ጎጆ ይሠራና የሚያጣብቅ ጠብታ የተንጠለጠለባቸውን ብዙ ቀጫጭን ክሮች ቁልቁል ይለቃል። ከዚያ ጅራቱ ጫፍ ላይ ኬሚካል ከኦክስጅን ጋር እያዋሐደ ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ያመነጫል። ከወንዙ የሚፈለፈሉ ጥቃቅን በራሪዎች ብርሃኑ ከዋሻው ውጭ ያለ ሰማይ ይመስላቸውና ወደ ላይ ሲነሱ ክሩ ላይ ይጣበቃሉ። እጩ ክሩን ስቦ ይበላቸዋል። የራበው ከጠገበው ይልቅ ደምቆ ያበራል። እኛ አንገታችንን አቅንተን ውበት የምንለው እንግዲህ ረሃብ ነው።

እጩ በዚህ ዓይነት ወራት ይቆያል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን አይበላም፤ በጥቂት ቀናት ተራክቦ፣ እንቁላል ጥሎ ይሞታል። አንዳንዱማ በገዛ ወገኖቹ ክር ይያዛል።

ጀልባው ሞተር የለውም። አስጎብኚው ከላይ የተዘረጋውን ገመድ እየጎተተ በጨለማው ያሳልፋችኋል፤ ማውራትም ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ስለ ክልከላው የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ እኔ ግን ከዋሻው ደንቦች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። የጎብኚው ትንፋሽ እንኳ ይለካል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ድንጋዩን ያሟሟል፤ ስለዚህ የአየሩን ሁኔታ በመሣሪያ ይከታተሉታል።

ከሰዓት በኋላ ሆቢተን የሚታየው ወጥመድ ደግሞ ሰው ለሰው የሠራው ነው። በ1998 ፒተር ጃክሰን «የቀለበቶቹ ጌታ» ለሚለው ፊልሙ ቦታ ፍለጋ ከአየር ሲቃኝ የአሌክሳንደር ቤተሰብ የበግ እርሻ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ኮረብታው፣ ሐይቁና ዳር ላይ የቆመው ትልቅ ጥድ ልቡን ሳቡት። ወደ እርሻው የሚያስገባውን መንገድ የጠረገው የአገሪቱ ጦር ሠራዊት ነው። ያኔ የቆሙት ቤቶች ከፊልሙ በኋላ የሚፈርሱ ናቸው ተብለው በርካሽ ቁሳቁስ የተሠሩ ነበሩ። ከዚያ ግን በ2002 ጉብኝት ተጀመረ፤ «ሆቢቱ» ለተባለው ፊልም ደግሞ መንደሩ እንዲቆይ ሆኖ እንደገና ተገነባ። ዛሬ ኮረብታው ላይ ከ40 በላይ ክብ በሮች አሉ።

በሮቹ እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ያለልክ አንሶ የተሠራው ከአጠገቡ የሚቆመው የፊልሙ ጠንቋይ ግዙፍ ሆኖ እንዲታይ ነው፤ ሌላው ሆቢት የሚባለውን አጭር ፍጡር የሚጫወተው ተዋናይ በልኩ እንዲገባበት ነው። ከኮረብታው አናት ያለው ዋርካ መሳይ ዛፍ ሰው ሠራሽ ነው፤ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ በእጅ የታሰሩ ናቸው። አብዛኞቹ በሮች ቢከፈቱ ከኋላቸው አፈር ነው፤ የቤት ውስጥ ትዕይንቱ የተቀረጸው ዌሊንግተን ስቱዲዮ ውስጥ ነበርና። ጎብኚ ገብቶ ወጥ ቤቱንና አልጋውን የሚያይባቸው ቤቶች የተከፈቱት በ2023 መጨረሻ ነው።

ፊልሙን ያላየ ሰው እዚያ ምን ያደርጋል? ጓሮውን ይይ። አትክልትና አበባው በባለሙያ የሚተከል፣ የሚኮተኮት እውነተኛ ተክል ነው፤ እርሻውም እስከ ዛሬ በግ ያረባል። ጉብኝቱ በሚያልቅበት ግሪን ድራጎን መጠጥ ቤት ቢራም ሆነ የዝንጅብል መጠጥ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ካማከረኝ ግን ዋሻውን እለዋለሁ።