በብሌንደር የተመታ ግራፋይት የስልካችንን ስክሪን ይቀይር ይሆን?

ይህን ጽሑፍ በጣታችሁ እያንሸራተታችሁ ከሆነ፣ ከስክሪናችሁ መስታወት ስር በዓይን የማይታይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ንጣፍ አለ። ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ይባላል። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና ወደ ጉዳዩ የሳበኝ ገበያው ነው። ኢንዲየም በዋናነት የሚገኘው ዚንክ ሲጣራ በተጓዳኝ ነው። ዋጋው ቢወደድም ለእሱ ብቻ ተብሎ ብዙ ማዕድን አይቆፈርም። አቅርቦቱ በሌላ ሸቀጥ እጅ ነው ማለት ነው። ንጣፉ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ይተካዋል ከተባሉት አንዱ ግራፊን ነው፤ በእርሳሳችን ውስጥ ካለው ግራፋይት የሚላጥ፣ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ። አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2004 ማንችስተር ላይ በተራ ፕላስተር ልጠው ለዩት፤ በ2010 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ግን በፕላስተር እየላጡ ፋብሪካ አይቆምም።

መላው የመጣው ከፈሳሽ ነው። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የጆናታን ኮልማን ቡድን በ2014 ግራፋይትን ከውሃና ከእቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር በኩሽና ብሌንደር መትቶ ግራፊን ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ሳሙናው የተላጡት ቅርፊቶች ተመልሰው እንዳይጣበቁ ይከላከላል። ያልተላጠው በሴንትሪፊዩጅ ይለያል። የቀረው ጥቁር ቀለም ይረጫል ወይም በኢንክጄት ይታተማል፤ ከዚያ በሙቀት ይደርቃል። (እቤት አትሞክሩት፣ ብሌንደሩም ለጁስ አይመለስም!)

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። አራት መርፌዎች በአንድ መስመር ንጣፉን ይነኩታል። የዳሮቹ ከረንት ያሳልፋሉ፣ የመሃሎቹ ቮልቴጅ ያነባሉ። በሁለት መርፌ ብቻ ቢለካ መርፌውና ንጣፉ የተነካኩበት ቦታ ተቃውሞም አብሮ ይደመርና ውጤቱን ያበላሻል።

ውጤቱስ? ጥሩ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ 90 በመቶ ገደማ ብርሃን እያሳለፈ ተቃውሞው ከ100 ኦም በታች ሊሆን ይችላል። ከፈሳሽ የተሠራው ግራፊን በዚያው ግልጽነት ብዙ ጊዜ በሺዎች ይቆጠራል። ምክንያቱም ከረንቱ ከቅርፊት ወደ ቅርፊት መዝለል አለበት። ከመገናኛ ሜክሲኮ ታክሲ እየቀያየሩ እንደመሄድ ነው፤ የሚያዘገየው መንገዱ ሳይሆን ወረፋው ነው። ንጣፉን እናወፍረው ካልን ደግሞ እያንዳንዱ የአቶም ንጣፍ 2.3 በመቶ ብርሃን ይበላል። አንዱን ስታገኝ ሌላውን ታጣለህ፤ ይሄ የእኛ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ይህ ርካሽ ቀለም የሚያዋጣው ግልጽነት በማይፈለግበት ቦታ ነው፦ የታተመ አንቴና፣ ሴንሰር፣ ማሞቂያ። "የግራፊን ስክሪን መጣ" የሚል ዜና ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ስንት ብርሃን ያሳልፋል? ስንት ኦም ነው? አንዱን ብቻ ከነገሯችሁ፣ ዋጋውን ገና አልነገሯችሁም።